ሥልጣን፦ አደራ ነው ወይስ ርስት?

ሥልጣን የያዘ ሰው በእጁ ያለው የራሱ ነው ወይስ የሌላ? እስልምና ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል፤ ሥልጣን አማና፣ ማለትም አደራ ነው። ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ አደራን ለባለቤቱ መመለስንና በሰዎች መካከል በፍትሕ መፍረድን በአንድ አንቀጽ አያይዞ ያዛል። በአፋርም ይህ አደራ በአደባባይ ይጠየቃል፤ ባህላዊ ሕጉ መድኣ ዳኝነትን በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ያደርገዋል። የዳጉ ሥርዓት ደግሞ ወሬውን ያደርሳል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይናገራል፣ ሌላው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያም ተራው ይለወጣል። የሐሰት ወሬ ማቀበል ያስጠይቃል። ስለዚህ የመሪ ሥራ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ አውሳ ተደብቆ አይቀርም።

ይህን ጥያቄ ከአውሳው የአፋር ሱልጣን ከአሊሚራህ ሐንፈሬ የሥራ ዘመን በላይ የሚያጎላ ታሪክ ጥቂት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም፣ ማዕከላዊው መንግሥት ሱልጣን ሙሐመድ ያዮን ከጠላት ጋር ተባብረዋል ብሎ ካነሣ በኋላ አሊሚራህ የአውሳን መንበር ያዙ። ሥልጣናቸው ከዘር ሐረግም ከዘውዱም የመነጨ ስለነበር ከመጀመሪያው ሁለት ጠያቂ ነበረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የቢትወደድነት ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል።

ፈተናው የመጣው በመሬት ነው። በ1950ዎቹ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1954 ዓ.ም ተቋቋመ። ሱልጣኑና ሌሎች አፋሮችም የራሳቸውን ጥጥ ማልማት ጀመሩ። ብዙዎች በዚህ ተጠቀሙ። ይሁን እንጂ እርሻው የያዘው አርብቶ አደሩ በበጋ የሚሸሽበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር፤ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም ድርቅ ሲመጣ ኪሳራው በመንጋውና በሰው ላይ ታየ። አደራ የሚለካው ባለሀብት በሆነው ብቻ ሳይሆን መሄጃ ባጣውም ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ሱልጣኑ ከደርግ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው በዚያው ዓመት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ፤ የአፋር ነጻነት ግንባርም ተመሠረተ። ደርግ ሲወድቅ በ1983 ዓ.ም ተመልሰው በሽግግሩ ጉባኤ ተሳተፉ። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ግመሎቻችንም ያውቁታል ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። ልጃቸው ሐቢብ አሊሚራህ በሽግግሩ ዘመን የክልሉን መስተዳድር መርተዋል። ሱልጣኑ በሚያዝያ 2003 ዓ.ም አረፉ።

ተመሳሳይ ጥያቄ በጀርመንም ተነሥቷል። ሶሲዮሎጂስቱ ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1919 ለኅሊና ብቻ መታመንን ለሚከተለው ውጤት ከመጠየቅ ለይቶ አስተማረ። ሊበራሉ ፖለቲከኛ ቴዎዶር ሆይስ በ1933 ለሂትለር ልዩ ሥልጣን በሰጠው ሕግ ላይ ከፓርቲው ጋር ድጋፉን ሰጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ከ1949 እስከ 1959 የምዕራብ ጀርመን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገሩ ያለፈውን እንድትጋፈጥ ሠርቷል።  የኋለኛው አገልግሎት የፊተኛውን ድምፅ አይሰርዝም፤ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ይቆጠራሉ።

የአሊሚራህም እንደዚሁ ነው። ስደታቸውም፣ ለአንድነት መቆማቸውም፣ የጥጡ ዘመን ግጦሽም በአንድነት ይመዘናሉ። ዛሬ የክልሉ መንበር ከአሳይታ ወደ ሰመራ ተዛውሯል፤ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ዩኒቨርሲቲም አለ። ሥልጣኑ ከሱልጣን ወደ ተመራጭ ቢያልፍም የአደራው ሕግ አልተለወጠም። አደራ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሲጠይቅ መልስ ማግኘት አለበት። ባለቤቱ የማይጠይቅበት ሥልጣን፣ በምርጫ ቢገኝም፣ ርስት ነው።