ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ

 

የዛሬው ማስታወሻችን ወደ ጋራዥ ይወስደናል። አንድ ወጣት ከአባቱ አሮጌ ፒክአፕ ወረሰ እንበል። ሞተሩ ይነሣል፣ ግን ያጨሳል። ኮፈኑ ቀለሙን ለቋል፣ የበሮቹን ሥር ዝገት በልቶታል። ፍሬኑ በአንድ ርግጫ አይዝም፤ ሁለቴ ሦስቴ መርገጥ ይፈልጋል። ወጣቱ መኪናውን ቀስ በቀስ ሊያድሰው ወስኗል፤ በዚህ ወር በእጁ ያለው ገንዘብ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። ከየቱ ይጀምር?

ጥያቄው የመካኒክ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የኒያ ጥያቄ አለበት። ቀለም ቢያስቀባ በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፣ «ማሻአላህ፣ አዲስ አደረግካት!» ይለዋል። ፍሬኑን ቢያሠራ ማንም አያይለትም። ያንኑ ያህል ገንዘብ ያወጣል፣ መኪናው ትናንት የነበረውን ይመስላል። ሰው ምን እንደሚፈልግ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ወደ ዋግ ኽምራ ወስደን እንየው። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእሷ ተነሥቶ ወደ ኒሯቅ፣ ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርድ መኪና ቁልቁለትና መታጠፊያ ይጠብቀዋል። በገጠር መንገድ ደግሞ ፒክአፕ የሚጭነው ዕቃ ብቻ አይደለም። ጤፍ ከተጫነበት ጆንያ ላይ እናቶች ይቀመጣሉ፣ ተማሪዎች ይንጠለጠላሉ፣ ታማሚ ወደ ሐኪም ይወሰድበታል። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ቀለሙን ያያሉ፤ የፍሬኑን ሁኔታ የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። ሌላው የማያውቀውን አንተ ብቻ ስታውቅ፣ ያ እውቀት አማና ይሆናል።

ለምን ፍሬን እንደምል ላስረዳ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲገባበት መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ፍሬኑን ሳይለቅ ከወረደ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ እግር ፔዳሉን እስከ ታች ይረግጣል፣ ኃይሉ ጎማው ዘንድ አይደርስም። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ከተማ ውስጥ ምንም ሳያሳይ ቆይቶ ቁልቁለት ላይ ይከዳል።

ጎማም እንዲሁ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ዕድሜው ብቻ ሊሰነጥቀው ይችላል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ተመልከቱ፤ 2315 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎማው ዕድሜውን ራሱ ይናገራል፤ የሚጠበቅብን ጎንበስ ብሎ ማንበብ ነው።

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ጣጣ ትቶ ሌላ መኪና መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ለብዙ ሰው ምርጫው ቀላል አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በሌላው ዓለም አሮጌ ፒክአፕ ማደስ የባለጸጎች መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ቶዮታ በጃፓን 40 የተባለውን ላንድክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ሠርቶ በ70 ተካው፤ በደንብ የታደሰ 40 ዛሬ በውጭ አገር ውድ ጌጥ ነው። እኛ ዘንድ ግን ያረጀ ላንድክሩዘር የእንጀራ መሣሪያ ነው። ያለንን መጠገን ንዕማን ማክበር ነው፣ ብክነትንም መሸሽ ነው።

ቀስ በቀስ ማደስ የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ መኪና የሚሞተው በዝገት ሳይሆን በጉጉት ነው። ባለቤቱ በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ይፈታዋል፤ ሞተሩ አንድ ጥግ፣ በሮቹ ሌላ ጥግ፣ ቡሎንና ዳዶው አንድ ባልዲ ውስጥ ተደባልቀው ይቀራሉ። ከዚያ ገንዘቡ ያልቃል፣ ጉልበቱም ያልቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል።

ልባም ሰው ግን በደብተር ይጀምራል። ጉድለቱን ሁሉ ሳይደብቅ ይጽፋል። ከዚያ ሕይወት የሚነካውን ያስቀድማል፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ። ቀጥሎ እሳት ሊያስነሣ የሚችለውን፦ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድና የሚያፈስ የነዳጅ ቱቦ። ቀጥሎ ሻንሲውን፣ ከዚያ ሞተሩን፣ በመጨረሻ ቀለሙን። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይፈታም። ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ቡሎኖቹን በየጣሳው ለይቶ ስም ይጽፍባቸዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጅ የሆነው ሥራ፣ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። በወር አንድ ሥራ የሚጨርስ ሰው ይህን በእጁ ይማረዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ስቱኮ ነው። የበላውን ላሜራ ቆርጦ በብየዳ መተካት ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ዝገቱን ሳይነቅሉ ስቱኮ ሞልቶ፣ አሸት አሸት አድርጎ፣ ቀለም ደርቦ ማሳመር ግን የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ዝገቱ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። መኪናው ለሽያጭ የቀረበ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ የወንድምን ሐቅ ይነካል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ስላገኙት ሰውዬ የምናውቀው ታሪክ አለ። እህሉን ያራሰው ዝናብ ነበር፤ ሰውዬው የተወቀሰው እርጥቡን ከደረቁ በታች በማድረጉ ነው። አሮጌ መኪና መዛጉ ነውር አይደለም። ገዢ እንዳያይ ዝገቱን መሸፈን ግን ማጭበርበር ነው።

ሁለተኛው ርካሽ ዕቃ ነው። ለአሮጌ ሞዴል መለዋወጫ ማግኘት ይቸግራል፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ የሚያስሄድ ጊዜ አለ። እዚያ በሐቅ የሚነግዱ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታን ዕቃ አጽድተው የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ አላህ ይባርክላቸው። ነገር ግን በየከተማው ስፖኪዮ ከቆመ መኪና ላይ ተነቅሎ እንደሚሰረቅ ማን ያጣዋል? አንድ ሰው መንገድ ላይ ጠርቶህ፣ ያለ ደረሰኝ፣ በግማሽ ዋጋ ዕቃ ሲያሳይህ «ከየት አመጣኸው?» በል። መልሱን መስማት ካልፈለግህ፣ መልሱን ቀድመህ አውቀኸዋል ማለት ነው። የአባትህን መኪና በሌላ አባት እንባ አታድስ።

ልክም አለው። መካኒኩ የላቡን ዋጋ እየጠበቀ ለጌጥ መሮጥ እድሳት አይባልም። ሻንሲው ራሱ በስብሶ ከሆነም ማዘን ይቻላል፣ ሰው መጫን ግን አይቻልም። ያኔ ደህናው ዕቃ ተፈትቶ ለሌላ መኪና ይዋል፤ ብረቱም ምናለሽ ተራ ሄዶ ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። መልቀቅን ማወቅም ከማደስ ጥበብ ውስጥ ነው።

ውድ ወጣቶች! ብዙዎቻችን ራሳችንን ስናድስም ከቀለሙ እንጀምራለን። ፎቶአችን፣ አለባበሳችን፣ ገጻችን ላይ የምንለጥፈው ቃል ቶሎ ይለወጣል። ቁጣችንን የሚይዘው ፍሬን፣ ብድራችንን የመመለስ ልማዳችን፣ ከእናታችን ጋር ብቻችንን ስንሆን የምንናገርበት ድምፅ ግን እንዳለ ይቆያል። እነዚህን ብትጠግን ማንም «ማሻአላህ» አይልህም። ከኋላህ ተሳፍረው የሚኖሩት ሰዎች ግን በሰላም ይወርዳሉ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ፤ ሰው የማያየው፣ ሰው የሚጎዳበት አንድ ጉድለት። እሱን እንጨርስና ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

አላህ ውስጣችንን ከውጫችን የተሻለ ያድርግልን፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን። አሚን። መልካም ጁሙዓ።