የጋራ ሥፍራ ለማን ነው?

ከተማ ማደግ ሲጀምር ቀድሞ የሚጠፋው የማንም ያልሆነ የሚመስለው ቦታ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ፣ ሽማግሌዎች የሚሸመግሉበት የዛፍ ጥላ፣ ዕድርተኞች ድንኳን የሚተክሉበት ክፍት ቦታ ሳይታሰብ ይታጠራል። በአርሲ ደጋ ሮቤን የመሳሰሉ ከተሞችም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም። ስለዚህ ገበያው፣ ሱቁ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አዳራሹና መኖሪያ ቤቱ በአንድነት የሚገኙበት ማእከል ለማቀድ በሚታሰብበት ጊዜ፣ ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ጥያቄ ነው።

ልዩ ልዩ አገልግሎትን በአንድ ሥፍራ ማገናኘት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገብሱን ሊሸጥ ገበያ የወጣ ገበሬ በዚያው ዐማቹን ያገኛል፤ ለቅሶ ይሰማል፤ ከተጣላው ይታረቃል። የኦሮሞ አባቶች በኦዳ ጥላ ሥር ሕግ ሲመክሩ፣ ሥፍራው ሸንጎም የዕርቅ አደባባይም ነበር። የአርሲ እናቶችም ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ሲቆሙ፣ የተገፋችው ሴት ድምፅ በአደባባይ ይሰማል። እንግዲህ ሥፍራን የጋራ የሚያደርገው ጣሪያው ወይም ግንቡ ሳይሆን ማንም ሳያፍር ሊቆምበት መቻሉ ነው።

በዘመናችን በአገራችን የተሞከረውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአዲስ አበባ በስፋት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዙ ሠፈር ምድር ቤቱ ለሱቅ፣ ፎቁ ለመኖሪያ ታቅዶ ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ሕንፃም ተጨመረ። ሐሳቡ በጎ ነው። ሱቆቹ በጨረታ የተሸጡትም ገቢው የቤቶቹን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ እንዲረዳ ነበር። ይሁን እንጂ በጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብ ያለው ነው፤ በጉሊት ሽንኩርት የምትቸረችረው እናት በዚያ ስፍራ የላትም። ደግሞም ቤቱ የሚከፋፈለው በዕጣ ስለ ነበር፣ ሕንፃው ሲነደፍ የሚኖርበት ሰው ገና አይታወቅም፤ ስለዚህም ሊጠየቅ አልቻለም። በአንዳንድ ሠፈሮች የጋራው ሕንፃ ለታሰበለት አገልግሎት ሳይውል መቅረቱ ሊያስደንቀን አይገባም።

አርሲ ራሷ ከዚህ የሚቀድም ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ማእከሉን በአሰላ አድርጎ ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያን፣ ብድርን፣ መንገድንና ውሃን በአንድነት ለማዳረስ ተነሣ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር፤ ምርቱም አደገ። ነገር ግን መሬቱ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። ለድኻው የታሰበው ልማት ድኻውን አስወጣው። ክፉ ያሰበ ዐቃጅ ስለ ነበረ አልነበረም፤ ዋጋው የናረው መሬት በማን እጅ እንደሚቀር አስቀድሞ በጽኑ ስላልተወሰነ እንጂ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የጋራ ጥቅምን ያስረዳው፣ ግለሰቦችም ማኅበራትም ወደ ፍጹምነታቸው በቀላሉ እንዲደርሱ የሚያስችሉ የኑሮ ሁኔታዎች ድምር ነው በማለት ነው። ስለዚህ የብዙዎች ትርፍ ተደምሮ የጥቂቶችን መባረር ሊሸፍን አይችልም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛም እ.ኤ.አ. በ1931 ታናናሽ ማኅበራት በራሳቸው ሊፈጽሙት የሚችሉትን ታላቁ አካል እንዳይወስድባቸው አስተምረዋል። በእኛ አገር ይህ ማለት ዕድሩ፣ የሴቶች ማኅበሩና የጉሊት ነጋዴዎች ፕላኑ ሳይጸድቅ መጠየቅ አለባቸው ማለት ነው።

አንዳንዶች «ገቢ የማያስገኝ ማእከል ይፈርሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጣሪያ የሚጠገነው፣ ዘበኛ የሚከፈለው በገንዘብ ነው። እኛም ሱቁ ይከራይ እንጂ አይኑር አንልም። ነገር ግን ኪራይ የማእከሉ አገልጋይ እንጂ ጌታ መሆን የለበትም። ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት ጥቂት ቦታ ለጉሊት በአነስተኛ ክፍያ ይለይ፤ አዳራሹ ለለቅሶና ለሰርግ ለሁሉም ሃይማኖት እኩል ይከፈት፤ ከሥፍራው የሚነሡት ወገኖች ቀድመው ምትክ ያግኙ።

አንድ ማእከል በታቀደ ቁጥር ሥዕሉን ይዘን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ዛሬ በዚህ መሬት ላይ የተቀመጠችው እናት በሥዕሉ ውስጥ የት አለች? እርስዋን ካላገኘናት ሥዕሉ ገና አላለቀም። ጌታ ለሚያቅዱትም ለሚታቀድላቸውም ማስተዋልን ይስጥ።