«አይቻልም» የሚለው ፍርድና በሰው ጉልበት መብረር

የሰው ልጅ ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ፣ በገዛ ጡንቻው ኃይልና በእጁ በሠራው መሣሪያ ከምድር ተነሥቶ ሊበር ይችላልን? ጥያቄው ለብዙ ዘመናት የተረት ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። በጥንታውያን ግሪኮች አፈ ታሪክ ዴዳሉስ ለራሱና ለልጁ ለኢካሩስ ከላባና ከሰም ክንፍ እንደ ሠራ፣ ልጁ ግን ወደ ፀሐይ ተጠግቶ ሰሙ በመቅለጡ ከባሕር ወድቆ እንደ ሞተ ይነገራል። ከተረቱ የሚወሰደው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከአቅም በላይ መመኘት ያጠፋል የሚል ነው። ለመሆኑ የሰው አቅም ዳርቻው የት እንደሆነ አስቀድሞ የሚወስነው ማን ነው? የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል።

በ17ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው ሊቅ ጆቫኒ ቦሬሊ የወፍን የደረት ጡንቻ ከሰው ጋር አነጻጽሮ ሰው በራሱ ጉልበት ክንፍ እያራገበ ሊበር እንደማይችል ደመደመ። ንጽጽሩ ትክክል ነበር። ይሁንና ማስረጃው ያረጋገጠው ሰው እንደ ወፍ መብረር አለመቻሉን እንጂ ከቶ መብረር አለመቻሉን አልነበረም። የሰው ታላቅ ጉልበት በደረቱ ሳይሆን በእግሩ ነው፤ ክንፍም አየርን እንዲሸከም የግድ መራገብ አይኖርበትም። አንድ መንገድ ስለተዘጋ አገሩ ሁሉ ተዘግቷል ማለት በፍልስፍናም በኑሮም የተለመደ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሄንሪ ክሬመር የተባለ ባለ ኢንዱስትሪ በግማሽ ማይል ርቀት በተተከሉ ሁለት ምልክቶች ዙሪያ የ8 ቁጥር ቅርጽ ሠርቶ በሰው ጉልበት ለሚበር ሽልማት አቆመ። በ1961 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት መሣሪያ ከመሬት ተነሣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቀጥ ብሎ መብረር ተቻለ፤ መዞር ግን አስቸገረ። ሽልማቱ ወደ 50,000 ፓውንድ ከፍ ቢልም ለ18 ዓመታት ወሳጅ አጣ።

የወሰደው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ማክሪዲ ነው። ለሥራው ያነሣሣው ንጹሕ የዕውቀት ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ለዘመዱ ብድር ዋስ ሆኖ ዕዳው በራሱ ላይ ወድቆበት ነበር። ማክሪዲ የተረዳው ነገር ቀላል ነው፦ ክብደት ሳይጨምር ክንፉ እጅግ ከሰፋ መሣሪያው በዝግታ ሊበር ይችላል፤ በዝግታ ሲበርም የሚጠይቀው ኃይል ብርቱ ብስክሌት ነጂ ሊሰጠው ወደሚችለው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ ከአሉሚኒየም ቧንቧ፣ ከሽቦና ከስስ ፕላስቲክ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል የሆነ፣ ክብደቱ ግን 32 ኪሎ የማይሞላ መሣሪያ ተሠራ። ነሐሴ 23 ቀን 1977 ብስክሌተኛው ብራያን አለን በካሊፎርኒያ ሻፍተር ፔዳሉን እየመታ የ8 ቁጥሩን ዙር ፈጸመ።

ለሥነ ምግባር ጥያቄ ከክንፉ ስፋት ይልቅ የሚያስተምረው ግን የአሠራሩ ስልት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች በጥንቃቄና በውበት የተሠሩ ስለ ነበሩ አንድ ጊዜ ሲሰበሩ ጥገናቸው ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። የማክሪዲ መሣሪያ ለዓይን ባያምርም ሲሰበር ቶሎ ተጠግኖ እንደገና ይነሣል። የበረራውም ከፍታ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለ ነበር መውደቅ ሞት አልነበረም። እንግዲህ ድፍረት ማለት እንደ ኢካሩስ ከፍ ማለት ሳይሆን፣ ስሕተት ሕይወትን ሳያስከፍል የሚታረምበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ነው። ተማሪው እንዳይሳሳት ብቻ የሚያስፈራራ መምህር፣ ረቂቁን መቅደድ የማይወድ ደራሲ፣ ውድቀትን እንደ ወንጀል የሚቆጥር ኃላፊ ሁሉም ውብ ነገር ግን የማይጠገን ክንፍ ይሠራሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው መሣሪያ እህል አይጭንም፤ ሕመምተኛ አያደርስም፤ ነፋስ ሲነሣም አይበርም። ነገር ግን ጥቂት ኃይልን ያለ ብክነት የመጠቀም ዕውቀት ከመሣሪያው ዕድሜ አልፎ ይኖራል። በ1979 ያው ቡድን በሠራው ሌላ መሣሪያ አለን እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን ባሕር ተሻገረ፤ በ1981 ደግሞ የዚያው ሙያ ፍሬ የሆነ አውሮፕላን በፀሐይ ኃይል ብቻ ያንኑ ባሕር አቋረጠ።

ዳርቻ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1988 «ዴዳሉስ» የተባለው መሣሪያ ከቀርጤስ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ከበረረ በኋላ በሳንቶሪኒ ደሴት ዳርቻ አጠገብ ነፋስ ሰብሮት ከባሕር ወደቀ። ነጂውም ዋኝቶ ወጣ። ያ ውድቀት ዳርቻው የት እንደሆነ አሳየ፤ ያሳየው ግን እስከዚያ ድረስ ፔዳሉን ለመታ ሰው ነው። ሳይሞክር «አይቻልም» የሚል ሰው ፍርዱ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስለ ዳርቻው ያወቀው አንዳች ነገር የለም።