እጓለ ማውታን በሙሉ ሰውነቱ ስለ ማሳደግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ የጌታችንን የሕፃንነት ነገር ሲፈጽም፥ በጥበብና በቁመት፥ በእግዚአብሔርና በሰው ፊትም በሞገስ ያድግ እንደ ነበር ይመሰክራል (ሉቃ. 2፥52)። በዚህ ምስክርነት የልጅ አስተዳደግ መለኪያ ተሰጥቶናል። ቁመት ሲል ሥጋን፥ ጥበብ ሲል አእምሮን፥ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስ ሲል ነፍስን፥ በሰው ፊት ሞገስ ሲል በቤትና በጎረቤት መካከል የሚኖረውን ክብር ያስረዳናል። ከአራቱ አንዱ ቢቀር የሕፃኑ አስተዳደግ ጐደሎ ነው።

እኛ ግን እናትና አባት የሞቱበትን ሕፃን ስንረዳ ብዙ ጊዜ በሥጋው እናቆማለን፤ እንጀራ ከሰጠነው ሁሉን የሰጠነው ይመስለናል። በአንድ ጣራ ሥር የቤቱ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ የሙቱ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ውኃ ቢወርድ፥ ያኛው ከአባቱ ጋር በገበታ ሲቀርብ ይህኛው ትራፊውን በጓዳ ቢበላ፥ ያለ ደመወዝ አሽከር አግኝተናል እንጂ ልጅ አላሳደግንም። ጻድቁ ኢዮብ ድኻ አደጉ ከእርሱ ጋር ከእንጀራው እንደ በላ፥ እርሱም እንደ አባት ሆኖ እንዳሳደገው ተናግሯል (ኢዮ. 31፥17-18)። መርዶክዮስም አስቴርን አባትና እናትዋ በሞቱ ጊዜ የወሰዳት ልጁ አድርጎ ነው (አስ. 2፥7)።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። መጽሐፈ ዲድስቅልያ ልጅ የሌለው ክርስቲያን እጓለ ማውታውን ወስዶ እንደ ልጁ እንዲያሳድግ ይመክራል። ኤጲስ ቆጶሱም ልጁ የእጅ ሙያ እስኪማር እንዲረዳው፥ የሙያውንም መሣሪያ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ይኸውም ልጁ ራሱን ችሎ እንዲኖር፥ ዕድሜውን ሁሉ የሰው እጅ እንዳያይ ነው። ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን በክርስትና አባትነትና እናትነት የተቀበልን ሁላችን ደግሞ ቃል ገብተናል። ያ ቃል ከክርስትናው ድግስ ጋር አያልቅም፤ ወላጆች በሞቱ ቀን ይጸናል እንጂ።

የልጅ ኀዘን በልቅሶ ብቻ እንደማይገለጥም እንወቅ። ሌሊት መባነን፥ ዝምታ፥ ቍጣ፥ ከትምህርት ወደ ኋላ መቅረት የኀዘን ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ክፉ ጠባይ ነው ብለን በበትር ብንቀጣው ቁስሉን እናሰፋዋለን። ጸሎትና ጠበል እንደሚያስፈልገው ሁሉ የሚያደምጠው ሰውና ሐኪምም ያስፈልገዋል። ይልቁንም ሕፃኑ ይህ ሰው ጐዳኝ ሲል፥ የተከሰሰው ባለጸጋም ሆነ ካህን፥ ልንሰማው፥ ከጕዳት ልናርቀው፥ ለሕግም ልናስታውቅ ይገባናል። ታናናሾችን የሚያሰናክል ምን እንደሚጠብቀው ጌታችን አስታውቆናል (ማቴ. 18፥6)።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፥ ወላጅ ያጡ የአገራችን ልጆች ቤት የሚያገኙት በእኛው መካከል ነው። እንግዲህ ምን እናድርግ? በ40 ቀን ተዝካር ሲወጣ ዘመድ፥ ጎረቤትና የንስሐ አባት በአንድ ዳስ ይሰበሰባሉ፤ ስለ ሟቹ ነፍስ ይጸለያል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በልቶ ከመበተኑ በፊት የንስሐ አባቱ ተነሥቶ አራት ነገር ይጠይቅ። ሕፃኑ በማን ቤት እንደ ልጅ ያድራል? ማን ትምህርት ቤት ያስገባዋል? ማን ወደ ቅዱስ ቍርባን ያቀርበዋል? ሰው እንዳይንቀው፥ የወላጆቹንም ንብረት እንዳይቀማው ማን ይቆምለታል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሰው እኔ አለሁ ሳይል ዳሱ አይፍረስ። ሙታን ከተዉልን ሁሉ የሚበልጠው ልጃቸው ነውና፥ እርሱን በሚገባ ማሳደግ የማያቋርጥ ተዝካራቸው ነው።

የድኻ አደጎች አባት እግዚአብሔር (መዝ. 67፥5) ልጆቹን የምንቀበልበትን ልብና ቤት ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።