ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ

ልጄ፣ አንድ ሰው በስልክሽ እየተከታተለ መውጫ መግቢያ ሲያሳጣሽ መጀመሪያ የሚቀማሽ እንቅልፍሽን ነው። ብሎክ ታደርጊዋለሽ፤ በማግስቱ በሌላ አካውንት ይመጣል። «ነጭ ሹራብ ለብሰሽ ከታክሲ ስትወርጂ አየሁሽ» ይልሻል። ከዚያ ወዲያ የባንክ መልእክት እንኳ ሲገባ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ምግብ ያስጠላሻል፣ ትምህርት አልገባ ይልሻል፣ መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ትዞሪያለሽ። ቤተሰብ ደግሞ «ይቺ ልጅ አመል አወጣች» ይላል። አመል አይደለም። ሌት ተቀን ዘብ የቆመ ሰው አካሉም አእምሮውም ይዝላል፤ አንቺም የደረሰብሽ ይኸው ነው። ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም፣ እያበድሽም አይደለም።

እንዲህ ያለ ሰው የሚተማመነው ቤታችሁ ውስጥ ባለው ዝምታ ነው። «ለአባትሽ እልክለታለሁ» የሚለው ዛቻ የሚሠራው አባትሽ ምንም እስካላወቁ ድረስ ነው። ስለዚህ ቅደሚው። የቀድሞ ጓደኛሽ ቢሆንም፣ ፎቶ ልከሽለት ቢሆንም ንገሪ። አንድ ቀን አምነሽ ፎቶ መላክሽ ዕድሜ ልክ ሊያስፈራራሽ ፈቃድ አይሆነውም።

መጀመሪያ የምትነግሪው ግን ቶሎ የሚቆጣው ወንድምሽ ባይሆን እመርጣለሁ። ዱላ ይዞ ይወጣና ተከሳሹ እሱ ይሆናል። ረጋ ብላ የምትሰማሽን ፈልጊ፤ እናትሽ፣ ታላቅ እኅትሽ፣ አክስትሽ ልትሆን ትችላለች።

ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከአንቺም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። የይለፍ ቃልሽን ቀይሪ፤ አካውንትሽ በማታውቂው ስልክ ተከፍቶ እንደሆነም ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ እዪ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መልእክት እኅትሽ ታንብበው፣ እሷው ታስቀምጠው። ያንን ስድብና ዛቻ አንቺ ደጋግመሽ የምታዪበት ምክንያት የለም። ቤተሰብ ከሚሰጠው እርዳታ ሁሉ ይህን የሚያህል እረፍት የሚሰጥ አላውቅም።

እናንተ ወላጆችም ስሙኝ፤ ስልኳን አትቀሟት። ስልኳ ከተወሰደ ከጓደኞቿ ትቆረጣለች፣ ሌላ ጊዜም ነገሩን ትደብቃችኋለች። «አንቺ ምን አድርገሽው ነው?» ብላችሁም አትጀምሩ። ያቺ ጥያቄ አፍ ታዘጋለች፤ አንዴ የተዘጋውን አፍ መልሶ ማስከፈት ወራት ይፈጃል።

ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ አንቀጽ 13፣ ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ ደጋግሞ በመላክ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የፈጠረን ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እንግዲህ ዱላ እስኪያርፍብሽ አትጠብቂ። ፖሊስ ጣቢያ ብቻሽን አትሂጂ፤ «የፍቅር ጉዳይ ነው፣ ታረቁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ ማስረጃውን ዘርግቶ የሚከራከርልሽ ትልቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍሽ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው እንዴት እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፤ እዚያ ሄዶ መታከም ግን አያሳፍርም። እናትሽ ጠበል ልውሰድሽ ካለችሽ አብረሻት ሂጂ፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አታስቀሪ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ እንዲነጋ አትጠብቂ፣ ያንኑ ሌሊት እናትሽን ቀስቅሻት።

ለመናገር አፍሽ እንቢ ካለሽ ስልኩን ከፍተሽ ለመረጥሻት ሰው በእጇ ስጫትና አጠገቧ ተቀመጪ። የመጀመሪያዋ ሰው ብትጮህብሽ ወይም ብታቃልለው ወደ ሁለተኛዋ ሂጂ፤ የክርስትና እናትሽ አለች፣ መምህርሽ አለች፣ የጎረቤት ትልቅ ሴት አለች። የሚሰማሽ እስክታገኚ ድረስ መናገርሽን አታቋርጪ።