ከሃምሳኛው ታሪክ በኋላ የሚተርፍ ፍርሃት

ኤድጋር አላን ፖ በ1842 የናትናኤል ሆቶርንን አጫጭር ታሪኮች ሲሄስ፣ አጭር ልቦለድ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ ማለቅ እንዳለበት ጽፎ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው አንድ ስሜት መርጦ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለዚያ ስሜት ያስገዛል፤ አንባቢው መሀል ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጉዳይ ከዞረ የተደከመበት ሁሉ ይበተናል። ይህ ሕግ ከሌላው ዘርፍ ይልቅ ለአስፈሪ ልቦለድ ይሠራል፤ ፍርሃት ቶሎ የሚቀጣጠለውን ያህል ቶሎ ይበርዳልና። እንዲያ ከሆነ የአስፈሪ ታሪኮች መድበል ከመነሻው የማያስኬድ ሐሳብ ይመስላል። ኸርበርት ዋይዝና ፊሊስ ፍሬዘር አሰናድተውት በ1944 በአሜሪካ የታተመው «ግሬት ቴልስ ኦፍ ቴረር ኤንድ ዘ ሱፐርናቹራል» 52 ታሪኮችን ከ1000 በሚበልጡ ገጾች ይደረድራል። አንዱ ጠባሳውን ሳይተው ሌላው ይተካል። ይሁንና መድበሉን ለፍልስፍና ጥያቄ የሚመች የሚያደርገው ይኸው ድርደራ ነው። ፍርሃት በመደጋገም የሚሞት ከሆነ፣ ከብዙ ታሪኮች በኋላም የሚያስፈራ ነገር ቢገኝ እሱ ከተራ ድንጋጤ የተለየ መሆን አለበት። መድበል እንደ ወንፊት ነው፤ ደቃቁን አሳልፎ የሚያስቀረውን ማየት ነው።

መጀመሪያ የሚወርደው ድንጋጤ ነው። አንባቢ ይለምዳል። ሻማው ሲጠፋና ነፋሱ ሲያፏጭ ምን እንደሚከተል ከሦስተኛው ታሪክ ጀምሮ ያውቃል፤ አሥረኛው ላይ ሲደርስ በመናፍስት አላምንም የሚል ምሁር ገና ብቅ ሲል ይፈርድበታል። ጭራቁም እንዲሁ ይለመዳል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል በ1990 ባሳተመው የአስፈሪነት ፍልስፍና መጽሐፉ፣ ሰው የሚያስጠላውንና የሚያስፈራውን ታሪክ ወዶ የሚያነበው ከጉጉት የተነሣ ነው ይላል፤ ጭራቅ የምናውቃቸውን የነገሮች ወሰኖች ያፈርሳል፣ እኛም ምንነቱን እስክንደርስበት እንጓጓለን። ማብራሪያው ለአንድ ታሪክ ጥሩ ነው። በመድበል ሲፈተን ግን ይላላል። ጉጉት በማወቅ ይረካል፤ የረካ ጉጉት ደግሞ ሊያስፈራ አይችልም። ጭራቅ በብዛት የቀረበለት አንባቢ ስለ ጭራቅ ያለው ጉጉት ሲቀንስ፣ ከመድበሉ ታሪኮች አንዳንዶቹ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበቡ ይብሳሉ። መጨረሻቸው እየታወቀ የሚብሱትን በጉጉት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ከእነዚህ አንዱ የደብልዩ ደብልዩ ጄኮብስ «የዝንጀሮዋ መዳፍ» ነው፤ የወጣው በ1902 ነው። ሽማግሌው ዋይት ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ መዳፍ እጁ ይገባል። ምን እንደሚመኝ ግራ ሲገባው፣ ለቤቱ ዕዳ መዝጊያ ሁለት መቶ ፓውንድ ጠይቅ ብሎ ቁጥሩን የሚያቀርብለት ልጁ ኸርበርት ነው። በማግስቱ ልጁ በሚሠራበት ፋብሪካ መኪና ይበላዋል። ከድርጅቱ የተላከው ሰው በሩ ላይ ሲያመነታ ቆይቶ ይገባል፤ ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ፣ ነገር ግን ስለ ልጁ አገልግሎት አንድ ካሣ እንደሚሰጥ ይናገራል። ስንት ነው? ሁለት መቶ ፓውንድ። ደም የሚያቀዘቅዘው እዚህ ቦታ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን መንፈስ የለም። ያለው ሐዘኑን በጨዋ ደንብ የሚገልጽ የቢሮ ሰውና አንድ የገንዘብ መጠን ነው። መጠኑን ደግሞ የቤቱ ሰዎች ራሳቸው፣ ሟቹም ጭምር፣ እየሳቁ የቆረጡት ነው። በኋላ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ የቆመውን ነገር ጄኮብስ አያሳየንም፤ አባት ሦስተኛውን ምኞት ተመኝቶ ያባርረዋል። የእኛ ተረት የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል። የጄኮብስ ታሪክ ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ እዚያ የደረሰው የተመኙት ነው።

መድበሉ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ከተፈጥሮ ሕግ ያልወጡ አስደንጋጭ ታሪኮች፣ ሁለተኛው መናፍስትና መሰል ነገሮች የሚገቡባቸው። አዘጋጆቹ ወሰኑን ያሰመሩት አስፈሪው ነገር ከየት መጣ በሚለው ነው። አስፈሪነቱ በምን ይሠራል ብለን ከጠየቅን ግን ወሰኑ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ክፍል የዊልያም ፎክነርን «ጽጌረዳ ለኤሚሊ» (1930) እንውሰድ። ታሪኩን የሚተርከው «እኛ» የሚለው የጄፈርሰን ከተማ ሕዝብ ነው። ኤሚሊ አርሴኒክ ስትገዛ ሕጉ ለምን እንደሆነ እንድትናገር ያስገድዳል፤ እሷ ባለመድኃኒቱን ዝም ብላ ታየዋለች፣ እሱም ከጓዳ ሳይመለስ ለአይጥ መሆኑ የተጻፈበት ጥቅል ይላክላታል። ከቤቷ ክፉ ሽታ ሲወጣ ከንቲባው ለአንዲት እመቤት ሸተትሽ ማለት ነውር ነው ይላል፤ ስለዚህ አራት ሰዎች በሌሊት ግቢዋ ገብተው ኖራ በትነው ይሄዳሉ። ሽታው ይጠፋል። ከአርባ ዓመት በኋላ የተዘጋው ክፍሏ ተሰብሮ የፍቅረኛዋ አስከሬንና ትራሱ ላይ የቀረው የእሷ ሽበት ሲገኝ አንባቢ ይሰቀጥጠዋል። ሁለተኛ ሲያነብ ግን የሚሰቀጥጠው ኖራው ነው። ኖራ የበተነ ሰው ሽታው ምን እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም፤ ላለማወቅ የሚያስፈልገውን ያህል አውቋል። የዋይት ቤተሰብ በምኞቱ፣ ጄፈርሰን ደግሞ በይሉኝታው ለክፉው ነገር በር ከፍተዋል። ከወንፊቱ የሚቀረው ፍርሃት ይህ ነው ባይ ነኝ፤ የመጣውን ከመፍራት ይልቅ በማን ፈቃድ እንደመጣ ማወቅ።

ለዚህ ሐሳብ ትልቁ ተቃዋሚ ሐዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ነው። በ1927 ባሳተመው ሰፊ ጥናት የሰው ልጅ ጥንታዊ ስሜት ፍርሃት፣ ከፍርሃትም ጥንታዊው ያልታወቀውን መፍራት ነው ብሏል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ የበሩን ማዶ ካላየን እናስፋዋለን፣ ካየን ይጠብባል። ነገር ግን ከመድበሉ ታሪኮች አንዱ፣ የራሱ የላቭክራፍት «በግድግዳው ውስጥ ያሉ አይጦች» (1924)፣ ከጥናቱ ጋር አይስማማም። ዴላፖር የተባለው አሜሪካዊ እንግሊዝ አገር የሚገኘውን የአያቶቹን ቤት አሳድሶ ይገባል፤ ሌሊት የሚሰማውን የአይጦች ሩጫ ተከትሎ ከመሬት በታች ሲወርድ ቅድመ አያቶቹ ሰው እያረቡ ይበሉ እንደነበር ይደርስበታል። በመጨረሻ ጨለማ ውስጥ የሚገኘው በግማሽ የተበላ የወዳጁ አስከሬን ላይ ተጎንብሶ ነው፤ እሱ ግን አይጦቹ ናቸው ይላል። ያልታወቀው ነገር እስከ ምድር ቤቱ ይዞን ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀን ግን የዘር ሐረግ ነው፤ ዴላፖር ሊያውቀው የማይፈልገው ዝምድና። ላቭክራፍት ያልታወቀውን የሚጠቀምበት የታወቀውን ለማዘግየት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ሐሳብ አስፈሪ ልቦለድን ወደ ስብከት ያወርደዋል የሚል ነው። የሥራህን አገኘህ ማለት ከሆነ ፍርሃቱ ወዴት አለ? ደግሞስ ያላጠፋ ሰው ሲያገኘው ምን እንላለን? ኤም. አር. ጄምስ በ1904 ባሳተመው መድበል ውስጥ የሚገኘውና እዚህም የገባው የፓርኪንስ ታሪክ ለዚህ ተቃውሞ ይመቻል። ፕሮፌሰር ፓርኪንስ ጎልፍ ሊጫወት ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ ከፍርስራሽ መሀል የነሐስ ፊሽካ አግኝቶ ማታ ይነፋዋል፤ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ትርፍ አልጋ አንሶላው ፊት አውጥቶ ይነሣበታል። ኃጢአቱ ምንድን ነው? ምንም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ስለ ጥፋት አላልኩም፤ በሩን ስለከፈተው እጅ ነው ያልኩት። ፓርኪንስ ፊሽካውን አጽድቶ፣ የተቀረጸበትን አንብቦ፣ ነፍቶታል። በጥፋቱና በደረሰበት መካከል ሚዛን ቢኖር ነገሩ ፍርድ ቤት ይሆን ነበር፤ የሚያስፈራው እጁ ትንሽ፣ መዘዙ ትልቅ መሆኑ ነው። አሪስቶትል በፖኤቲክስ ፍርሃት የሚያድርብን እንደ እኛ ያለ ሰው፣ ፍጹም ጻድቅ ወይም ፍጹም ክፉ ያልሆነ ሰው፣ በስሕተቱ ሲወድቅ ነው ያለው ይህን ነው። ክፉ ሰው ቢወድቅ እንረካለን፣ ምንም ያላደረገ ቢወድቅ እንቆጣለን። አስፈሪ ታሪክ የሚኖረው በሁለቱ መሀል ባለው ጠባብ ቦታ ነው።

እንግዲህ ሰው ይህን ለምን ፈልጎ ያነባል? ዴቪድ ሂውም በ1757 ስለ ትራጄዲ በጻፈው መጣጥፍ የአገላለጹ ውበት ሕመሙን ወደ ደስታ ይለውጠዋል ብሏል። በከፊል እውነት ነው፤ ጄምስን በትዕግሥቱና በቀልዱ ስንወደው እንኖራለን። የሂውም መልስ ግን ፍርሃቱን በደስታ ከሸፈነው በኋላ ፍርሃቱ ያስተማረውን አይነግረንም። በኑሮ ላይ የራስን ድርሻ ማወቅ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ራስን መከላከል፣ ሌላውን መውቀስ፣ ኖራ መበተን ይቀድማል። ልቦለዱ የሌላ ሰው ስለሆነ ይህን መከላከያ አያስነሣም። አንባቢ የዋይትን ምኞት እስከ መጨረሻው ተከትሎ፣ እኔም ብሆን ያን ገንዘብ እጠይቅ ነበር ለማለት ይደፍራል። ፖ ስለ አንዱ ታሪክ ትክክል ነበር፤ የተጠመደው ስሜት በአንድ ቁጭታ ይሠራል፣ በሚቀጥለው ይበርዳል። መድበሉ የሚያስተርፈው ግን ስሜት ሳይሆን ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት በመደጋገም አይበርድም። ከ52ቱ ታሪኮች ምንም አላስፈራኝም ብሎ የሚነሣ አንባቢ ቢኖር ስለ ድንጋጤ እውነቱን ይሆናል። ያ ግን ብዙ አያስመካም፤ ኖራውን በትነው ቤታቸው ለገቡት ለአራቱ የጄፈርሰን ሰዎችም ከዚያ በኋላ የሚሸት ነገር አልነበረም።