ትንባሆን ስለ መተውና ስለ ባልንጀራ ርዳታ

ሰው በገዛ ፈቃዱ የዠመረውን ነገር በገዛ ፈቃዱ ለመተው ስለ ምን ይቸግረዋል? ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ቅጣቱም ከንፈር እስከ መቍረጥ ይደርስ እንደ ነበር ተጽፏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ደግሞ ሺሻና የኤሌክትሪክ ሲጋራ እንዳይሸጡ አግዷል። ሕግ መልካም ነው፤ ነገር ግን እጅን እንጂ ምኞትን አያስርም።

በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን፣ በጢስም ኾነ በተን ቢሳብ፣ በጥቂት ሴኮንድ ከአንጎል ይደርሳል። የለመደው ሰው ባጣው ጊዜ ቍጣና ጭንቀት ይይዘዋል። ይህም በመዠመሪያዎቹ 3 ቀኖች ይበረታል፤ እያንዳንዱ ምኞት ግን በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። እነዚያን ደቂቃዎች ብቻውን የሚታገል ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

«በሰው ርዳታ መተው ምን ክብር አለው?» የሚል ቢኖር፣ ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የሚወርደውን መንገደኛ ይመልከት፤ ጓደኛ ቢያገኝም የሚራመደው በገዛ እግሩ ነው። በጎንደር ማኅበርተኛ ከጽዋው ቢቀር «ምነው ቀረ?» ብሎ የሚጠይቀው አያጣም። ለመተው የቈረጡ ሰዎችም እንዲሁ ይጠያየቁ። ተመልሶ ያጨሰውን የሚሰድበው ሰው መሸሸግን ያስተምረዋል፤ «ነገም እንዠምር» የሚለው ግን ያነሣዋል። ማጨስን ያስለመደው አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ ነውና፣ መተውንም ጓደኛ ያስለምድ።